ናፖሊ በጀርባ ቦርሳ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጣልያኗ ከተማ ከናፖሊ ከተመለስኩ ወዲህ ወዳጆቼም የማላውቃቸው ሰዎችም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ላስፍረው ብዬ ነው። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው በእሳተ ገሞራ የተቀበረችውን ጥንታዊቷን ፖምፔይን ለማየት መሸጋገሪያ አድርጌያት አንድ ሌሊት ብቻ አደርኩ። ጫጫታው አስደንግጦኝ ጠዋት በጊዜ ወጣሁ። በሁለተኛው ዘጠኝ ቀን ቆየሁ፤ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ከዚያ ዘጠኝ ቀን የተገኘ ነው። ዓመቶቹም፣ ወሮቹም፣ ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስንት ቀን ይበቃኛል?

ቢያንስ አራት ሌሊት እደሩ። ብዙ ሰው ከሮም በጠዋት ባቡር ይመጣል፣ ፒዛ ይበላል፣ ፖምፔይን ያያል፣ ማታ ይመለሳል። እኔም እንደዚያ ነው ያደረግኩት፤ ስለዚህ ከተማዋን አላየኋትም ነበር። ናፖሊ በመጀመሪያው ቀን ታደክማለች። ሞተሩ፣ ክላክሱ፣ ከፎቅ ወደ ምድር የሚጯጯኸው ሰው፣ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል። በሁለተኛው ቀን ጆሮ ይለምዳል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቡና የምትጠጡበት ቤት ያለው ሰውዬ ከበር ስትገቡ ያውቃችኋል፤ ሳታዙት መቅዳት ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩ የሚጀምረው።

ከሮም እንዴት እሄዳለሁ? ከአዲስ አበባስ?

ከአዲስ አበባ ሮም ድረስ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አለ። ከሮም ናፖሊ በፈጣኑ ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ቲኬቱን ቀደም ብላችሁ ከቆረጣችሁ ዋጋው በጣም ይቀንሳል፤ በዕለቱ ከቆረጣችሁ ያቃጥላል። ጊዜ ያለው ሰው በቀርፋፋው ባቡር ወይም በአውቶብስ በርካሽ ይሄዳል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን እሱና ፓስፖርቱ ይበቁታል።

በአውሮፕላን ናፖሊ ለምትገቡ ኤርፖርቱ ካፖዲኪኖ ይባላል። ከተማው አፍንጫ ስር ነው። አሊቡስ የሚባለው አውቶብስ ወደ ባቡር ጣቢያውና ወደ ወደቡ ይወስዳል።

ታክሲ ከያዛችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከኤርፖርት፣ ከጣቢያና ከወደብ ለሚደረጉ ጉዞዎች ማዘጋጃ ቤቱ የወሰነው ቁርጥ ዋጋ አለ። ከመግባታችሁ በፊት «ታሪፋ ፊሳ» በሉ። እኔ ሳልጠይቅ ገብቼ አንድ ሹፌር ከሁለት እጥፍ በላይ አስከፈለኝ። ዋጋው እዚያው መኪናው ውስጥ ተለጥፎ ነበር፤ ያየሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

እውነት አደገኛ ናት? ሌባ ይበዛል ይባላል።

ይህ ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ነው። በእርጋታ ልመልሰው።

መንታፊ አለ። ጣቢያው አካባቢ፣ ሰው በተጨናነቀበት ባቡርና አውቶብስ ውስጥ ኪስ ይዳበሳል። ሞተር ላይ ሆኖ ቦርሳ ወይም ስልክ ነጥቆ የሚያልፍም አለ። ስለዚህ በባቡር ውስጥ የጀርባ ቦርሳችሁን ወደ ፊት አዙሩት። መንገድ ስትሄዱ ቦርሳውን ወደ ግድግዳው በኩል ያዙ፣ ወደ መኪናው በኩል አይሁን። ካርታ ለማየት ስልክ ካወጣችሁ አንድ ደጃፍ ውስጥ ግቡና እዩ። መርካቶ ውስጥ እንዴት እንደሚኬድ የሚያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ያለ አስተማሪ ያደርገዋል።

ካሞራ የሚባለው የወንጀለኞች መረብም ተረት አይደለም። የናፖሊን ሕዝብ ለረጅም ዘመን አስለቅሷል፤ ዛሬም አለ። ነገር ግን ቦርሳ አዝሎ ከመጣ መንገደኛ ጋር ጉዳይ የለውም።

ፍርሃቱን ከልቤ ያወጣው አንድ ማታ ነው። በሁለተኛው ጉዞዬ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሲሆን የስፔን ሰፈር በሚባለው ቅያስ ውስጥ ጠፋሁ። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት እጆቼን ብዘረጋ ግድግዳና ግድግዳ የምነካ ይመስለኛል። እዚያ ብዙ ሰው ባሶ በሚባል ምድር ቤት ነው የሚኖረው፤ በሩ በቀጥታ መንገድ ላይ ይከፈታል። አንዲት እናት ወንበራቸውን ደጃፍ ላይ አውጥተው አተር ይፈለፍላሉ። ያን ሰዓት! ወዲያና ወዲህ ስል ሁለት ጊዜ አዩኝ። በሦስተኛው ሳህኑን አስቀምጠው ተነሡ። የሆስቴሉን ስም የያዘ ወረቀት አሳየኋቸው። አንድ ቃል አልገባኝም፤ እሳቸውም የኔ አልገባቸውም። ክንዴን ይዘው፣ በነጠላ ጫማቸው፣ እስከ ሆስቴሉ በር አደረሱኝ። ደወሉን የደወሉትም እሳቸው ናቸው። እኔ ስገባ አይተው ነው የተመለሱት።

ጫጫታው አያሰለችም?

እንቅልፍ የሚከብደው ሰው የጆሮ መድፈኛ ይያዝ። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ግን ጫጫታው ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ቤቶቹ ጠባብ ናቸው፤ ፎቆቹ ከአምስትና ከስድስት ደረጃ በላይ ይሄዳሉ፤ አሳንሰር የሌላቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ ኑሮው መንገድ ላይ ነው። ልብሱ ከመስኮት ወደ መስኮት በተዘረጋ ገመድ ይሰጣል። ልጆች የሚጫወቱት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠራው በስሙ ነው፣ በስልክ አይደለም።

አንድ ጠዋት ያየሁትን ልንገራችሁ። ከአራተኛ ፎቅ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ። ቀጥሎ በገመድ የታሰረ ቅርጫት ወረደ። ፓናሮ ይሉታል። ቅርጫቱ አትክልት ሻጩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሰውየው ሁለት ሎሚና አንድ እስር ጎመን አደረገበት፣ ውስጡ የነበረውን ሳንቲም ቆጠረ፣ መልሱን ሎሚው ስር ሸጎጠ። «ሳቢ!» ያለ መሰለኝ። ቅርጫቱ ግድግዳውን እየታከከ፣ ቀስ እያለ ወጣ። ሴትዮዋ ፊታቸውን እንኳ አላሳዩም፤ እጃቸውን ብቻ ነው ያየሁት።

ያን ካየሁ በኋላ ጩኸቱን ሌላ ዓይነት ሰማሁት። ሰዉ ሥራውን እየሠራ ነው።

መንገድ እንዴት ነው የሚሻገሩት?

በዓይን። የሚመጣውን ሹፌር ወይም ባለሞተር ዓይኑን እዩት፣ እሱም ያያችሁ። ከዚያ እግራችሁን አንሡና በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሂዱ። አትሩጡ፣ መሐል ላይ አትቁሙ፣ ወደ ኋላ አትበሉ። ባለሞተሩ የት እንደምትደርሱ አስልቶ ከኋላችሁ ያልፋል። ድንገት ከቆማችሁ ነው ስሌቱ የሚበላሽበት። የመጀመሪያው ቀን ካስፈራችሁ አንድ አሮጊት ፈልጉና አብራችሁ ተሻገሩ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው በሁለት ቀን ይለምደዋል።

የት ልደር?

ብዙ ሆስቴል አለ። አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ስፓካናፖሊ የሚባለው መንገድ አካባቢ ማደር እመርጣለሁ። ይህ መንገድ ከተማውን እንደ ቢላዋ ቀጥ ብሎ ይሰነጥቃል፤ ስሙም «ናፖሊን የሚሰነጥቅ» ማለት ነው። መስመሩ ግሪኮች ከተማዋን ከቆረቆሩበት ዘመን የመጣ ነው፤ ናፖሊ የሚለውም «አዲስ ከተማ» ከሚል የግሪክ ቃል ነው የወጣው። አሮጌው ከተማ ከ1995 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንዲህ ስለተባለ ግን ሙዚየም እንዳይመስላችሁ። ቀለም ቀቢው፣ ዓሣ ሻጩ፣ ተማሪው ዛሬም እዚያው ነው የሚኖረው።

ጣቢያው አጠገብ ርካሽ ነው፤ ማታ ግን ያን ያህል አይመችም። ጸጥታ ለሚፈልግ ቮሜሮ የሚባለው ኮረብታ አለ። ወደዚያ የሚወጡት በገመድ በሚሳብ ባቡር ነው፤ ፉኒኮላሬ ይባላል። ከተማዋ አራት አላት፤ የመጀመሪያው ሥራ የጀመረው በ1889 ነው። ኮረብታው ላይ ሳንቴልሞ ምሽግ አለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከዚያ ላይ ስፓካናፖሊን ቁልቁል እዩት። ስንጥቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቆሻሻ ናት የሚባለውስ?

በ2008 አካባቢ ቆሻሻ ሳይነሣ መንገድ ላይ ተከምሮ ዓለም ሁሉ አይቶታል፤ ስሟ ያኔ ነው ክፉኛ የጎደፈው። እኔ የሄድኩ ጊዜ እንደዚያ አልነበረም። የሞላ ገንዳ አይቻለሁ፣ ግድግዳው ሁሉ ተሞነጫጭሯል፤ ደጃፋቸውን በጠዋት በሳሙና የሚያጥቡ ሰዎችም አይቻለሁ።

ፒዛው እንደሚወራለት ነው?

ነው። ደጋግሜ በላሁት፣ አልሰለቸኝም።

ምድጃው በእንጨት ነው የሚነደው፤ ሙቀቱ ከ430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ፒዛው እዚያ ውስጥ የሚቆየው ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ቆጠርኩ። ሰውየው ሊጡን በመዳፉ ነው የሚዘረጋው፣ መዳመጫ አይነካም። መሐሉን ይጫናል፣ ዳሩን ይተወዋል። ከዚያ በረጅም አካፋ ይከተዋል፣ አንዴ ያዞረዋል፣ ትንሽ ከፍ አድርጎ ወደ ነበልባሉ ያስጠጋዋል፣ ያወጣዋል። 70 ላይ ስደርስ ሳህን ላይ ነበር። ዳሩ አብጦ እዚህም እዚያም ጠቁሯል፤ መሐሉ ስስና እርጥብ ነው። ደረቅ ፒዛ የለመደ ሰው «አልበሰለም» ሊል ይችላል። በስሏል። ይህ የናፖሊ ፒዛ ጋጋሪዎች ጥበብ በ2017 በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል።

ማርጌሪታ የሚባለው በ1889 ለንግሥት ማርጌሪታ የተሠራ ነው ይላሉ። የታሪክ ሰዎች ይህን ወሬ ይጠራጠሩታል። ፒዛው ግን ይጣፍጣል።

ገንዘብ ለማትረፍ ፒዛ አ ፖርታፎሊዮ በሉ። ትንሽ ፒዛ ነው፤ አራት ላይ ታጥፎ በወረቀት ይሰጣችኋል፣ መንገድ ላይ ቆማችሁ ትበላላችሁ። ቀና ብላችሁ ሳይሆን ጎንበስ ብላችሁ ብሉት፣ ዘይቱ ይወርዳል።

ጾመኛ ነኝ። ምን እበላለሁ?

ደስ የሚለኝ ጥያቄ ይሄ ነው፤ መልሱ በጣም ቀላል ስለሆነ። ማሪናራ እዘዙ። ስሙ የባሕር ነገር ይመስላል፣ ዓሣ ግን የለበትም። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ ነው። አይብ የለውም። የናፖሊ ሊጥ ደግሞ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ነው፤ ወተትም ቅቤም አይገባበትም። ከማርጌሪታም ይረክሳል። የሄድኩት በዐቢይ ጾም ነበርና ስንቴ እንደበላሁት አልቆጥረውም። ለማረጋገጥ «ሴንዛ ፎርማጆ» በሉ፣ ያለ አይብ ማለት ነው።

ፍሪያሪየሊ የሚባል መራራ ጎመንም አለ። በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ይጠበሳል። የኛን ጎመን ያስታውሳል። ብዙ ጊዜ ከአሳማ ቋሊማ ጋር ስለሚያቀርቡት ለብቻው እንዲሰጧችሁ ተናገሩ። የተጠበሰ ፒዛ ውስጥም አይብና አሳማ ስለሚኖር ሳትጠይቁ አትግዙ።

ለማይጾም ሰው ደግሞ እሑድ ቀን የሚበላውን ራጉ ልጠቁም። ስጋው ከቲማቲም ጋር በዝግታ እሳት ለብዙ ሰዓት ይሠራል። ድስቱ ቀስ እያለ ሲንተከተክ የሚያሰማውን ድምፅ «ፒፒያሬ» ብለው ስም አውጥተውለታል። እሑድ ጠዋት ቅያሱ ውስጥ ስታልፉ ሽታው ከየበሩ ይወጣል። የዶሮ ወጥ ቁሌት እንዴት እንደሚጠበቅ ያየ ሰው እነዚህን ሴቶች ያለ አስተርጓሚ ይረዳቸዋል።

ቡናውስ? እኛ የቡና አገር ሰዎች ነን።

በአክብሮት ነው የሚጠጡት። ቆማችሁ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፋችሁ ትጠጡታላችሁ፤ ቁጭ ካላችሁ ዋጋው ሊጨምር ይችላል። ሲኒው ይሞቃል፣ ቡናው ትንሽ ነው፣ በጣም ወፍራም ነው። አብሮ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይመጣል። ውሃው የሚጠጣው ከቡናው በፊት ነው፣ አፍ እንዲጠራ። ዋጋው ከአንድ ዩሮ ትንሽ ከፍ ይላል።

ካፌ ሶስፔሶ የሚባለውን ግን ልብ በሉልኝ። «የተንጠለጠለ ቡና» እንደ ማለት ነው። አንድ ሰው አንድ ቡና ጠጥቶ የሁለት ይከፍላል። ሁለተኛው፣ በኋላ መክፈያ ለሌለውና ለማያውቀው ሰው ይቀመጣል። የቸገረው ሰው በር ላይ ቆሞ «ሶስፔሶ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ካለ ይቀዳለታል። ማን እንደከፈለ አይነገረውም፤ የከፈለውም ማን እንደጠጣ አያውቅም። እኛ ቡና ስናፈላ ጎረቤት እንጠራለን፤ እነሱ የማያውቁትን ይጠራሉ። አንድ ቀን ከጎኔ የቆመ ወጣት፣ ልብሱ በኖራ የነጣ ሠራተኛ፣ ሁለት ከፍሎ አንድ ጠጥቶ ወጣ። ለማንም አልተናገረም። እኔም በማግስቱ እንደዚያው አደረግኩ።

ጣልያንኛ አልችልም። ይቸግረኛል?

ከምታስቡት በላይ ታውቃላችሁ። የአውቶብስ ማቆሚያው ላይ «ፌርማታ» ይላል። አደባባዩ «ፒያሳ» ነው፤ ገበያው «መርካቶ»። ቦርሳ ቦርሳ ነው። ሱቅ ውስጥ ካልሲ ብላችሁ ብትጠይቁ ሳይገባቸው አይቀርም። አንድ ጋራዥ በር ላይ «ጎሚስታ» የሚል ጽሑፍ አየሁና ቆሜ ቀረሁ። ጎማ የሚሠራው ሰውዬ፣ እጁ ዘይት በዘይት ሆኖ፣ ልክ ቄራ አካባቢ እንደማውቀው ሰው ካቻቪቴ አቀብለኝ እያለ ረዳቱን ይጮህበታል። እነዚህ ቃላት እኛ ጋ እንዴት እንደመጡ ሁላችንም እናውቃለን። ከነምንጫቸው መስማት ግን የተለየ ስሜት አለው።

ሰዉ እርስ በርሱ የሚነጋገረው በናፖሊኛ ነው፤ የሮም ሰው እንኳ ሁሉንም አይሰማውም። እጃቸውን አይታችሁ ትረዳላችሁ።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኛት ነገር አለ?

አለ። እዚህ ላይ ረዘም ልበል።

የመጀመሪያው የሚያስደስት ነው። ስፓካናፖሊ ላይ፣ ሳን ዶሜኒኮ ማጆሬ አደባባይ ጥግ፣ የ«ሎሪየንታሌ» ዩኒቨርሲቲ አንዱ ሕንፃ አለ። መነሻው በ1732 ማቴዎ ሪፓ የተባለ ሚሲዮናዊ ለቻይናውያን ያቋቋመው ትምህርት ቤት ነው። አማርኛና ግዕዝ ከሚጠኑባቸው የአውሮፓ ቤቶች አንዱ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እዚህ ቤት አማርኛ ያስተምር የነበረው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። በ1908 ሮም የታተመውና የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የእሱ ድርሰት ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ተማሪዎች ሲገቡና ሲወጡ አየሁ። ያ ሰው በእነዚህ ቅያሶች ውስጥ አልፎ «ሀ ሁ» ሊያስተምር ይሄድ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ሁለተኛው ይከብዳል። በ1935 እና በ1936 አገራችንን ሊወሩ የሄዱት ብዙ ወታደሮች መርከብ የተሳፈሩት ከዚህ ወደብ ነው። ዛሬ የደሴት ጀልባ የሚጠበቅበት ወደብ ማለት ነው። ባንዲራና ሙዚቃ ይዞ የሸኛቸው ሕዝብ የዛሬዎቹ አያቶች ናቸው።

ሦስተኛውን ብዙ ሐበሻ አያውቀውም፤ ስለዚህ ሄዳችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ፉኦሪግሮታ በሚባለው ሰፈር፣ ከስታዲየሙ ፊት ለፊት፣ ሞስትራ ዶልትሬማሬ የሚባል ትልቅ የኤግዚቢሽን ግቢ አለ። ፋሺስቶቹ ቅኝ ግዛቶቻቸውን ለማሳየት ግንቦት 9 ቀን 1940 ከፈቱት። ግቢው ውስጥ የጎንደርን የፋሲለደስ መዋኛ አስመስለው ሠሩ፤ ውሃውም ግንቡም ዛሬ ድረስ አለ። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከሊቢያም ሰዎች አምጥተው፣ እንደ ዕቃ ለተመልካች አቀረቧቸው። ሰኔ 10 ጣልያን ጦርነት ገባች፤ ኤግዚቢሽኑ ተዘጋ። ሰዎቹ ግን መመለሻ አጥተው እዚያው ቀሩ። በ1943 ወደ ማርኬ ክልል ተወሰዱ። ከእነሱ መካከል አምልጠው ፋሺስቶችን ከሚወጉት የጣልያን አርበኞች ጋር ተሰልፈው የተዋጉ አሉ።

ውሃው ዳር ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ጥምቀት የማይከበርበት የፋሲል መዋኛ ነው። ያ ሁሉ ሰው ከአገሩ ተነቅሎ፣ የአገሩን ግንብ አምሳያ እያየ፣ የባዕድ አገር የጦርነት ሌሊት ሲያሳልፍ ምን ይሰማው ይሆን? ሐበሻ ሁሉ ናፖሊ ከሄደ አንድ ሰዓት እዚህ ይስጥ። ግቢው ትርኢት ሲኖር የመግቢያ ሰዓቱ ስለሚለዋወጥ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ማራዶናን ለምን እንደዚህ ያመልኩታል?

በ1984 መጣ። ያን ጊዜ የናፖሊ ቡድን የጣልያንን ሊግ በልቶ አያውቅም ነበር። የሰሜን ሀብታም ከተሞች ስታዲየም ውስጥ የደቡብን ሰው ይሰድቡት ነበር። ማራዶና በ1987 ዋንጫውን አመጣላቸው፣ በ1990 ደገመው። ከዚያ 33 ዓመት ጠበቁ፤ በ2023 አገኙ፣ በ2025ም እንደገና። ስታዲየሙ አሁን በስሙ ነው የሚጠራው። የስፔን ሰፈር ውስጥ አንድ ፎቅ ሙሉ ግድግዳ ላይ ሥዕሉ አለ፤ ከስሩ አበባ፣ ሻማና ማሊያ ተከምሯል። ኳስ ባትወዱም ሂዱ። እኔ አንድ አባት ሕፃን ልጁን ከፍ አድርጎ ሥዕሉን ሲያሳየው አየሁ፤ ልጁ ገና መናገር አይችልም።

ከመሬት በታች ያለውን ልይ?

እዩት። ከተማዋ የተሠራችው ቱፎ ከሚሉት ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ግሪኮች ድንጋዩን ከስር ቆፍረው ከላይ ቤት ሠሩበት። ጉድጓዱ በኋላ የውሃ ማከማቻ ሆነ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ከቦምብ መጠለያ። 40 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ። ይቀዘቅዛል፣ ሹራብ ያዙ። የተጠለሉት ሰዎች ግድግዳው ላይ የጫሩት ጽሑፍና ሥዕል ዛሬም ይነበባል።

ሳኒታ ሰፈር ያሉትን የሳን ጄናሮ የምድር ውስጥ መቃብሮች ደግሞ የሚያስጎበኙት የዚያው ሰፈር ወጣቶች ናቸው፤ በ2006 ማኅበር አቋቁመው ነው። ሥራ አጥነት ያስጨነቀው ሰፈር ልጆች እንዴት እንደሚተርኩ ሰምታችሁ ውጡ።

የቶሌዶ ሜትሮ ጣቢያም አያምልጣችሁ። በ2012 ነው የተከፈተው፤ 50 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው፤ በኤስካሌተር ስትወርዱ ባሕር ውስጥ የምትገቡ ይመስላችኋል። መግቢያው የአንድ ጉዞ ቲኬት ብቻ ነው።

ቬሱቪየስና ፖምፔይ?

ከጋሪባልዲ ጣቢያ ቺርኩምቬሱቪያና የሚባለው ባቡር ይሄዳል። ለፖምፔይ «ፖምፔይ ስካቪ» ላይ ውረዱ። ባቡሩ ይጨናነቃል፤ ቦርሳ ወደ ፊት። የፖምፔይ ግቢ ሰፊ ነው፣ ጥላ የለውም፤ ኮፍያና ባዶ ጠርሙስ ያዙ፣ ውሃ መቅጃ አለ። ጊዜ ያነሰው ሰው ኤርኮላኖ ይሂድ። ያነሰ ነው፣ በ79 ዓ.ም. ፖምፔይን በቀበረው በዚያው የቬሱቪየስ ፍንዳታ ነው የተቀበረው፤ የተቃጠለ የእንጨት በርና አልጋ ሳይቀር ተርፎ ይታያል። እኔ እሱን ነው ያስበለጥኩት።

የቬሱቪየስ ተራራ 1281 ሜትር ነው። መኪና ከሚቆምበት እስከ አፉ የግማሽ ሰዓት ያህል ዳገት ነው። ቲኬቱ የሚቆረጠው አስቀድሞ በኢንተርኔት ነው፤ ሳይቆርጥ ሄዶ የተመለሰ አይቻለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው በ1944 ነው፣ ዛሬም ሕያው ነው።

መቼ ልሂድ?

ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ መስከረም፣ ጥቅምት። ሐምሌና ነሐሴ ይፋጃል፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ብዙ ሱቅ ይዘጋል። መስከረም 19 የከተማዋ ጠባቂ የሳን ጄናሮ በዓል ነው። በብልቃጥ ያለው ደሙ ይቀልጣል ብለው ካቴድራሉን ሞልተው ይጠብቃሉ። ቀለጠ ሲባል መሐረብ ይውለበለባል፣ ሽማግሌዎች ያለቅሳሉ። በዚያ ቀን ናፖሊ ከሆናችሁ በማለዳ ሂዱና ቦታ ያዙ።

ምን ይዤ ልመለስ?

ሳን ግሬጎሪዮ አርሜኖ የሚባል ጠባብ መንገድ አለ። ዓመቱን ሙሉ የገና ግርግም ምስሎችን በእጅ የሚሠሩ ባለሙያዎች እዚያ ናቸው። እረኛውን፣ ሰብአ ሰገልን፣ ዳቦ ጋጋሪውን በሸክላ ያበጁታል። ኪስ ካልፈቀደ ትንሿን በግ ግዙ።

ቀይ ቀንድ የሚመስል ነገርም በየቦታው ተሰቅሎ ታያላችሁ። ኮርኒቼሎ ይባላል፤ ክፉ ዓይን ይመልሳል ይላሉ። ለራስ አይገዛም፣ ሰው ነው የሚሰጠው። እኔ ለመውጣት ቦርሳዬን ሳስር፣ ሆስቴሉን የሚያጸዱት ሴትዮ ከኪሳቸው አንድ አወጡና መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን አጠፏቸው። የቤቴ ቁልፍ ላይ አስሬዋለሁ።